«ሽሮ ብቻ ነው የበላሁት» ለምትሉ



ታካሚዎቼን «ትናንት ምን በላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፋ አድርገው «ኧረ ምንም፣ ሽሮ ብቻ» ይሉኛል። በጾም ወቅት ደግሞ «ሽሮ ምን አቅም አለው?» ብለው በብስኩትና በለስላሳ ቀኑን የሚገፉ አሉ። ስለዚህ ዛሬ የዚህን የናቅነውን ወጥ ታሪክ ላጫውታችሁ። ታሪኩን ካወቃችሁ አሠራራችሁም ይስተካከላል።

ስሙ አዲስ፣ ማዕዱ የቆየ

ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የሌለበት አመጋገብ ዛሬ በዓለም «ቪጋን» ይባላል። ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር ነው። የእኛ እናቶች ግን ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናትም ጨምሮ፣ ያለ ቅቤ ሲያበስሉ ዘመናት አልፈዋል።

የሽምብራ መነሻ የዛሬዋ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክና አካባቢዋ ነው። ወደ እኛ የደረሰው ግን ከጥንት ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለ ዋሻ ውስጥ በተደረገ ቁፋሮ 2,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የሽምብራና የገብስ ቅሪት ተገኝቷል። ጤፍና ኑግ ደግሞ እዚሁ የተላመዱ የራሳችን ሰብሎች ናቸው።

እዚህ ላይ ሕክምናውን ላስገባ። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው ከአሚኖ አሲዶች ነው። በእህል ውስጥ ላይሲን የሚባለው ያንሳል፣ በጥራጥሬ ውስጥ ደግሞ ሜቲዮኒን። ሽሮን በእንጀራ ስትበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የሊጡ መቡካትም ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ የሚያደርገውን ፋይቴት ይቀንሳል። አያቶቻችን የንጥረ ነገሮቹን ስም ሳያውቁ በጥቅማቸው ኖረዋል።

በርበሬ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው

የበርበሬ አገሩ አሜሪካ ነው። ወደ እኛው የዓለም ክፍል የተሻገረው እ.ኤ.አ. ከ1492 የኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው፤ ቲማቲምም እንደዚሁ። ከዚያ በፊት የነበረ ወጥ ሁሉ በርበሬ አልነካውም። ኮረሪማ ግን የአገራችን ተክል ነው። ስለዚህ በርበሬ የማይስማማችሁ የጨጓራ ሕመምተኞች፣ አልጫ ሽሮ ሲቀርብላችሁ «የበሽተኛ ወጥ» ብላችሁ አትዘኑ። ያለ በርበሬ ማብሰል ከበርበሬው ይቀድማል።

ጥቁሩ ምዕራፍ፦ ጓያ

የሽሮ ታሪክ ሁሉ ግን ደስ የሚል አይደለም። ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ጓያ ይተርፋል። ሌላ የሚበላ የሌለው ቤተሰብ ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ሲያደርግ በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ይጎዳል፣ እግርን ያሽመደምዳል። ላቲሪዝም ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ከድርቅ በኋላ በወሎ ደላንታ ብዙ ሰዎች፣ በተለይ ልጆችና ወጣቶች፣ በዚህ ተጎድተዋል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት አደጋው እንደቀነሰላቸው አሳይተዋል።

ትምህርቱ ለዛሬም ይሠራል። የተፈጨ ሽሮ ስትገዙ ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ከቻላችሁ አተሩን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን በጥሬው ገዝታችሁ አስፈጩ።

ሽሮ የማይሞላው

ቫይታሚን ቢ12 ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ ሽሮ ላይ አትፈልጉት። ጾም ሲፈታ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ወተት የምትመገቡ ከሆነ ጉበታችሁ ያጠራቀመው ብዙ ጊዜ ያሻግራችኋል። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማትመገቡ ግን ቢ12 በመድኃኒት መልክ መውሰድ ያስፈልጋችኋል። ነፍሰ ጡሮች፣ የምታጠቡ እናቶች፣ አረጋውያንና ሜትፎርሚን የምትወስዱ የስኳር ሕመምተኞችም ሐኪማችሁን አማክሩ። የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ድካምና መርሳት ሲደራረቡ «ጾም ስለሆነ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

አሁን ወደ ምድጃው (ለ3 ሰው)

1. 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፉና በትንሽ ውሃ አቁላሉ።
2. 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ብታገኙ ከሚረጋው የፓልም ዘይት ይመረጣል፤ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጀው ጠጣር ቅባት ነው።
3. የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ 3 ብርጭቆ ውሃ አፍሉ።
4. 1 ብርጭቆ ሽሮ ቀስ እያላችሁ በመነስነስ እንዳይጓጉል አማስሉ። ከወፈረባችሁ የፈላ ውሃ ጨምሩ።
5. በዝግታ እሳት 20 ደቂቃ ይንተክተክ። ጨው በመጨረሻ፣ እሱም በልክ።

አጠገቡ ጎመን ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ አድርጉ፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲ የሽሮውን ብረት ሰውነታችሁ እንዲወስደው ያግዛል። ቡናውን ግን ከምግብ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት አቆዩት፤ የብረቱን መመጠጥ ይቀንሳልና።

እንግዲህ ሐኪም ምን እንደበላችሁ ሲጠይቃችሁ «ሽሮ ብቻ» አትበሉ። «ሽሮ በእንጀራ፣ ከጎመን ጋር» በሉ። ለእኛም የተሟላ መልስ ነው።

በእናንተ ቤት ሽሮው ከምን ከምን ይዘጋጃል? ጻፉልኝ። ለሚጾም ወዳጃችሁም አጋሩት።