ፍልውሃና የወይዘሮ ጣይቱ ድንኳን

ኅዳር በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባ ልደት ይነሣል። ዘመኑ 1879፣ ቆርቋሪዎቹም ምኒልክና ጣይቱ መሆናቸውን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያከራክረው፣ የቆረቆራት የማን ሐሳብ ነው የሚለው ነው።

በ1870ዎቹ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከትመው ነበር። ተራራው ለጠላት አይመችም፤ ለነዋሪውም አልተመቸም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ደኑም ለማገዶና ለቤት እየተቆረጠ ተመናመነ። ከግርጌው ግን ኦሮሞዎቹ ፊንፊኔ በሚሉት መስክ ትኩስ ውሃ ይፈልቃል። ቤተ መንግሥቱ እየወረደ፣ ድንኳን ተክሎ ይታጠብ ጀመር።

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት ታሪክ ወይዘሮ ጣይቱ ከድንኳናቸው ሆነው መስኩን ቢያዩት አማራቸው፤ ቤት መሥሪያ ቦታም ለመኑ። ያኔ ገና እቴጌ አልተባሉም። ንጉሡ ፈቀዱና ወደ ሐረር ዘመቱ። ጨለንቆ ላይ ድል ሲያደርጉ፣ እዚህ ቤቱ እየተሠራ ነበር።

ሌሎች ነገሩን ከምኒልክ አያት ይጀምሩታል። ሣህለ ሥላሴ እዚያው ሜዳ ላይ ገበጣ ሲጫወቱ የልጅ ልጃቸው ከተማ እንደሚሠራበት ተናግረዋል ይባላል። ትንቢቱ ያምራል፤ ትንቢት ግን ምሰሶ አያቆምም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው፤ ስለዚህ መዲናዋ ገና ተራራው ላይ ነበረች የሚልም አለ። ዘውዱ ላይ ነበር እንበል፤ ጭሱ ግን ታች ይጨስ ነበር።

ስሙንም ያወጡት ጣይቱ ናቸው። አበባው የግራር ነው የሚል አለ፤ የምንም ይሁን፣ ስሙ ጸደቀ።

ዛሬ የተራቆተው እንጦጦ ባሕር ዛፍ ለብሷል፤ ከ2013 ወዲህም መናፈሻ ሆኗል። ቅዳሜ ጠዋት ሽቅብ ሲሮጥ ያረፈደ ወጣት ፎጣና ሳሙናውን በፌስታል ይዞ ፍልውሃ ይወርዳል፤ ቁርጥማት ከያዛቸው አዛውንት ኋላ ትኬቱን ጨብጦ ወረፋ ይጠብቃል። ቁልቁል የመጣበት መንገድ ወይዘሮ ጣይቱ የወረዱበት ነው።