ዳኺ፦ በልጅ እርምጃ ለሚሄድ መኪና የተሰጠ ስም

ዳኺ፦ ስም፤ ሲበዛ ዳኺዎች። በሪሞት የሚነዳ፣ ድንጋይና ገደላገደል ላይ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ትንሽ መኪና። በእንግሊዝኛ ክሮውለር የሚባለው ነው።

ወደዚህ ቃል ፍለጋ ያስገባችኝ ልጄ ናት። የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አጠገብ ነው። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀኑን በእንግሊዝኛ ትውላለች፣ ማታ ቤት ስትገባ በአማርኛ እናወራታለን። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ በአማርኛ የምላትን ሁሉ ሳስበው ደነገጥኩ። «ብዪ»፣ «ታጠቢ»፣ «ተኚ»፣ «ስልኩን አስቀምጪ»። ከአፌ የሚወጣው አማርኛ አብዛኛው ትእዛዝ ነበር። ጨዋታዋና ሳቋ ግን በሌላው ቋንቋ ነበር። ልጅ የሚጫወትበትን ቋንቋ ይወዳል እንጂ የሚታዘዝበትን ቋንቋ አይወድም። ስለዚህ አብረን የምንጫወትበት ነገር ስናገኝ፣ ያ ነገር የአማርኛ ስም እንዲኖረው ፈለግኩ።

ከፈጣኑ ወደ ቀርፋፋው

መጀመሪያ የገዛሁላት ዳኺ አልነበረም፤ ለሩጫ የተሠራ ፈጣን መኪና ነበር። ልጄ የሪሞቱን ምላጭ ሳብ ስታደርገው ተፈትልኮ ሄዶ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ መታ፤ የፊት እግሩ ተሰበረ። ሪሞቱን መልሳ ሰጠችኝና «አንተ ንዳው፣ እኔ አያለሁ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ነጂ፣ እሷ ተመልካች ሆንን። እሷም መኪናውም አላጠፉም፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ያንን ፍጥነት የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ዓይነት መኪና ያዝን። ይኼኛው በሜዳ ላይ ሲሄድ ከጎኑ በእርምጃ መራመድ ይቻላል። አለት ሥር ሲደርስ ግን ሥራው ይጀምራል፦ አንድ ጎማ ያስቀድማል፣ ድንጋዩን ይነክሳል፣ ሁለተኛውን ያስከትላል። ልጄ ሪሞቱን እንደያዘች አብራው ሄደች። ቆም ስትል ቆም አለ። በዚያ ከሰዓት ለአንድም ጊዜ «አንተ ንዳው» አላለችኝም።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ከየት መጣ?

መነሻው በእጅና በጉልበት መሄድን፣ በደረት መሳብን የሚገልጽ ግስ ነው። ወደ መኪና የገባው በእውነተኞቹ ተራሮች ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ውስጥ ሩቢኮን የሚባል መንገድ አለ፤ በዩታ ደግሞ የሞአብ ቀያይ አለቶች አሉ። በእነዚህ ቦታዎች ሰዎች ጂፖቻቸውን በከባዱ ማርሽ፣ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት አለት ላይ ያወጣሉ። በዚህ ጨዋታ የሚደነቀው ቀድሞ የደረሰ ሰው ሳይሆን ጎማውን በትክክለኛው ድንጋይ ላይ ያሳረፈ ነው። ትንሹ መኪና ስሙን የወረሰው ከዚህ ነው።

በሬዲዮ ሞገድ ዕቃ የመንዳት ሐሳብ ግን የቆየ ነው። ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ያለ ሽቦ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቷል። የጃፓኑ ኩባንያ ታሚያ በ1976 የመጀመሪያውን በሬዲዮ የሚነዳ መኪናውን አወጣ፤ የፖርሽ 934 ቅርጽ ነበረው። በ1981 ደግሞ የቶዮታ ሃይለክስን አንድ አሥረኛ አድርጎ፣ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ገጥሞለት ለገበያ አቀረበ። የአሜሪካው ኩባንያ ትራክሳስ በ2017 የላንድሮቨር ዲፌንደር ቅርጽ ያለው ዳኺ ሠርቷል። በገጠር መንገድ ላንድሮቨር ሲያቃስት ሰምቶ ላደገ ሰው ያንን መልክ በአንድ አሥረኛ ማየት ልብ ይነካል።

የቀሩት ዕጩዎች

ለክሮውለር አራት የአማርኛ ዕጩዎች ነበሩኝ።

አንደኛው «ተሳቢ» ነው። ትርጉሙ ቅርብ ይመስላል፤ ግን ቦታው ተይዟል። ለሾፌር ተሳቢ ማለት ከከባድ መኪና ኋላ የሚጎተተው ነው፤ ለሌላው ሰው ደግሞ እባብና እንሽላሊትን ያስታውሳል። የኛ መኪና በማንም አይጎተትም፤ በሆዱም አይሄድም።

ሁለተኛው «ዘጋሚ» ነው። ፍጥነቱን በትክክል ይናገራል። ነገር ግን መዝገም ብዙ ጊዜ የድካም ወይም የእርጅና አካሄድ ነው። ይህ መኪና ቀስ የሚለው ደክሞት ሳይሆን ኃይሉን ሁሉ ለመውጣት ስላዋለው ነው።

ሦስተኛው «ዳዴ» ነው፤ ጣፋጭ ቃል ነው። ሆኖም ዳዴ የሚል ሕፃን ቆሞ የሚንገዳገድ ነው፤ «ወፌ ቆመች» ተብሎ የተጨበጨበለት ነው። መኪናችን አይንገዳገድም።

አራተኛው «ዳኺ» ነው፤ ዳኸ ከሚለው ግስ። የሚድኽ ሕፃን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። መሬቱን በአራት ቦታ ይይዛል። አንድ እጁን ያስቀድማል፣ ይሞክራል፣ ከዚያ ክብደቱን ይጥልበታል። ደረጃ ሲያጋጥመው ሆዱን ጠጋ አድርጎ ይወጣዋል። መኪናውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አራት ጎማ፣ አራት መያዣ፣ ክብደቱ ወደ መሬት የተጠጋ።

አንድ ወዳጄ «ከድኻ ጋር ድምፁ ይቀራረባል» ብሎ ተቃወመኝ። እውነት ነው፤ ግን ቃል የሚታወቀው ከጎረቤቱ ቃል ጋር ሆኖ ነው። «ዳኺውን ድንጋዩ ላይ አውጪው» ሲባል ድኻ የሚመጣበት ሰው የለም።

እንዴት ይድኻል?

ዳኺን ዳኺ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ማርሽ ነው። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ከ30 ዙር በላይ ዞሮ ጎማው አንዴ ብቻ ይዞራል። ፍጥነት ይሰጣል፣ ጉልበት ይቀበላል። ለልጅ ለማስረዳት ብስክሌት ይበቃል፦ ዳገት ላይ ቀላሉን ማርሽ ስታስገባ እግሯ ብዙ ይዞራል፣ ጎማው ትንሽ ይሄዳል፣ ግን ትወጣለች።

ሁለተኛው የተቆለፈ ዲፈረንሻል ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ዲፈረንሻል ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። አለት ላይ ግን አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ወደ ባዶው ይሄዳል፤ መሬት የያዘው ጎማ ዝም ይላል። ስለዚህ በዳኺ ላይ ሁለቱ አንድ ላይ እንዲዞሩ ይቆለፋሉ። ቆልፎ መፍታት በሪሞት የሚቻልባቸው ሞዴሎችም አሉ።

ሦስተኛው ጎማ ነው። ለስላሳ ነው፤ በውስጡ ከአየር ይልቅ ስፖንጅ አለው፤ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ይተኛና ቅርጹን ይይዛል።

ክፍሎቹን ፈትተን ስንገጥም አንድ ደስታ አገኘሁ። ለመኪናው ስም አልነበረንም እንጂ ለአካሉ ሁሉ ስም ነበረን። የጋራዥ አማርኛ ከጣሊያንኛ ተቀብሎ የራሱ ያደረጋቸው ቃላት እዚህ ሁሉም ሥራ አገኙ፦ ካምቢዮ፣ ፒኞን፣ ኮሮና፣ ቸርኬ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ። ልጄ አሁን «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ትላለች። በዚህ ቃል የሚጠራውን መፍቻ በእጇ ይዛ ስለተማረችው አትረሳውም። ፒኞንና ኮሮናን ስንገጥም በጥርሶቹ መሐል ቀጭን ወረቀት እናስገባለን፤ ወረቀቱ ሳይቀደድ እጥፍጥፍ ብሎ ከወጣ ርቀቱ ልክ ነው። ይህ ሥራ ከእኔ ጣት ይልቅ ለእሷ ትንንሽ ጣቶች ይቀላል።

ረዳት፦ ሁለተኛው ቃል

ከዳኺ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ቃል አለ። በአለት ነጂዎች ዘንድ ከመኪናው ወርዶ ከፊት እየቆመ ለሾፌሩ መንገድ የሚያሳይ ሰው በእንግሊዝኛ ስፖተር ይባላል። ለዚህኛው አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም፤ ረዳት አለን። በጠባብ ቦታ ከባድ መኪና ሲዞር ወርዶ፣ ከኋላ ቆሞ፣ ቦዲውን በመዳፉ እየመታ «ና! ና! ና! ቁም!» የሚለው ሰው ሥራው ያው ነው።

ከልጄ ጋር የምንጫወተው ተራ በተራ ነው። አንዳችን ሪሞቱን ስንይዝ ሌላችን ረዳት እንሆናለን። ረዳት በርከክ ብሎ ከመኪናው ሥር ያያል፤ የትኛው ጎማ እንደተንጠለጠለ፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚላቀቅ ይናገራል። ሪሞቱን መንጠቅ ግን አይፈቀድለትም። ይህን ሕግ ያወጣሁት ለራሴ ነው። መኪናው ሊገለበጥ ሲል የአባት እጅ ቶሎ ይዘረጋል፤ ልጅ ግን የምትማረው ከመገልበጡ ነው። ዳኺ ቢገለበጥ በዚህ ፍጥነት ብዙም አይጎዳም፤ አንስቶ ማቆም ነው።

የረዳትነቱ ተራ የእሷ ሲሆን ያለችውን ስሰማ ቆሜ ቀረሁ። «አባዬ፣ ወደ ግራ ስበረው። ቀስ! ቁም! አሁን መልሰው።» አራት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ፣ ሁሉም በአማርኛ። ትናንት እሷን ሳዝበት የነበረውን ቋንቋ ዛሬ እሷ እያዘዘችበት ነው። እኔም ታዘዝኩ።

ለወላጅ ጥቂት ምክር

ለጀማሪ ልጅ ሁለት መጠኖች ይመቻሉ። የእውነተኛው መኪና አንድ ሃያ አራተኛ የሆነው መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነው፤ በክረምት ቤት ውስጥ መጻሕፍትና ትራስ ደርድሮ ተራራ መሥራት ይቻላል። አንድ አሥረኛው ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ብዙ ጊዜ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ አለው፤ የውጭ ድንጋይ የሚችለው እሱ ነው። የድሮ ሪሞቶች አንድ ሞገድ ከተጋሩ የአንዱ መኪና በሌላው ሪሞት ይታዘዝ ነበር፤ አሁን በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት እያንዳንዳቸው ከመኪናቸው ጋር ስለሚጣመሩ ሁለት ዳኺ ጎን ለጎን መንዳት ችግር የለውም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ባትሪው ነው። ለልጅ ኒኬል ባትሪ ይሻላል፤ ስድስት ሴሎች እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት፣ በድምሩ 7.2 ቮልት። ሊቲየም ፖሊመር ከተጠቀማችሁ አንዱ ሴል ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ፣ ሲያልቅም ከ3 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። በተስማሚ ቻርጀር፣ ከሚቃጠል ነገር አርቃችሁ፣ አዋቂ አጠገቡ ሆኖ ቻርጅ ይደረግ። ያበጠ ባትሪ በምንም ምክንያት መኪና ውስጥ አይገባም።

የሽቦ መኪና ዘመድ

ዳኺን ሳስበው ከዚያ ከሰበርነው ፈጣን መኪና ይልቅ ወደ ልጅነቴ መኪና ይቀርባል። እኛ መኪና የምንሠራው ከሽቦና ከቆርቆሮ ነበር፤ ጎማው ቆርኪ ነበር። ከመኪናው ተነስቶ እስከ ደረታችን የሚደርስ ረጅም ሽቦ ጫፉ ላይ ክብ መሪ ነበረው፤ እየገፋን፣ እየመራን፣ በአፋችን ማርሽ እየቀየርን እንሄድ ነበር። ያ መኪና ከባለቤቱ ቀድሞ ሄዶ አያውቅም። ዛሬ ሽቦው በማይታይ ሞገድ ተተካ እንጂ ጨዋታው ያው ነው፦ ልጅ ከመኪናው ጎን ይራመዳል።

ቃሉ ሲረባ

አዲስ ቃል መኖር አለመኖሩ የሚፈተነው ሲረባ ነው። ዳኺ መኪናው ነው። ድኸት አካሄዱ። ማስዳኽ መኪናውን መንዳት፤ አስዳኺ ሪሞቱን የያዘው ሰው። እነዚህን ወረቀት ላይ ጽፌ ለልጄ ላስተምራት አስቤ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ገና ቁርስ ሳንበላ የመኪናውን ሳጥን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ወረቀቱን አላሳየኋትም ነበር። «አባዬ፣ ዛሬ እናስድኸው?» አለችኝ።

ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ መልሼ ጫማዬን አደረግኩ።