ከማኅደር እስከ ጀርባ ቃል

አንድ ወጣት ደራሲ የመጀመሪያ መጽሐፉን ጽፎ ለማተሚያ ቤት ካዘጋጀ በኋላ፥ ያላሰበው ሥራ ይጠብቀዋል። ይኸውም በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ የሚታተሙትን ጥቂት መስመሮች መጻፍ ነው። ሦስት መቶ ገጽ በትዕግሥት የሞላው ብዕር፥ ስለ ራሱ ሥራ አምስት መስመር ጻፍ ሲባል ይደነግጣል፤ ወይም ያለ መጠን ይመካል። ይህ ችግር በኮልፌ ቀራንዮም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ድርሰት የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚያጋጥመው ነው። ስለዚህ የጀርባ ቃል ከየት እንደ መጣና ምን ለመሥራት እንደ ተፈጠረ በታሪክ መመርመር፥ ለወጣቶቹም ለመምህሮቻቸውም የሚጠቅም ሆኖ ይታየናል።

በአገራችን መጽሐፍ ልብስ መልበሱ የቆየ ልማድ ነው። የብራናው ቅጠል ተሰፍቶ በሁለት ገበታ እንጨት ይያዛል፤ ገበታውም ጌጥ በታተመበት ቆዳ ይለበጣል፤ ከዚያም መጽሐፉ ማኅደር በሚባለው የቆዳ ከረጢት ገብቶ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ነገር ግን በዚህ ልብስ ላይ አንባቢን የሚጋብዝ ቃል የመጻፍ ልማድ አልነበረም። አያስፈልግምም ነበር፤ መጽሐፉን ለደቀ መዝሙሩ የሚያስተዋውቀው በሕይወት ያለ ሰው፥ የመጽሐፍ መምህሩ ነበርና። ጸሐፊውም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስለ ራሱ የሚለው ቢኖር፥ በጸሎታችሁ አስቡኝ የሚል ልመና እንጂ ውዳሴ አልነበረም።

ኅትመት ሲመጣ ግን ይህ ግንኙነት ተለወጠ። የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ታተመ፤ በ1914 ዓ.ም. ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ደራሲው ፈጽሞ ወደማያውቀው ሰው እጅ መሄድ ጀመረ። መምህሩ አጠገቡ ስለሌለም ራሱን በራሱ ማስተዋወቅ ግድ ሆነበት። በመጀመሪያ ይህን አገልግሎት የሰጠው መቅድሙ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1904 ዓ.ም. የአገሪቱን መጻሕፍት ዝርዝር ማሳተማቸው፥ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ካታሎጉን እንደ ገና ማውጣታቸው፥ አንባቢ ምን መጽሐፍ እንዳለ እንዲያውቅ የረዳ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መቅድም የሚነበበው መጽሐፉ ከተገለጠ በኋላ ነው፤ የጀርባ ቃል ግን ገና ያልወሰነውን ገዢ በር ላይ ቆሞ ያነጋግራል።

በሌላውም ዓለም ይህ ጥበብ ያለ ነቀፌታ አላደገም። አሜሪካዊው ባለ ቅኔ ዋልት ዊትማን፥ ኤመርሰን የተባለው ዕውቅ ጸሐፊ በግል ደብዳቤ የላከለትን ምስጋና፥ ፈቃዱን ሳይጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1856 በመጽሐፉ ጀርባ ላይ በወርቅ ቀለም አሳተመው። እ.ኤ.አ. በ1907 ደግሞ ጌለት በርጀስ የተባለ ቀልደኛ ደራሲ፥ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ጮኻ የምታወድስ ምናባዊ ወይዘሪት አቅርቦ ሚስ ብለርብ ብሎ ሰየማት። በእንግሊዝኛ የጀርባ ቃል ስሙን ያገኘው ከዚህ ፌዝ ነው። ለአፍ ዳገት የለውም እንደሚባለው፥ ውዳሴ ቀላል ስለ ሆነ ቶሎ መሳቂያ ሆነ።

እንግዲህ ወጣቱ እንዴት ይጻፍ? ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ኮልፌ ተጠቅሳለች። የኮልፌ መምህር ተማሪዎቹን ለዚሁ መጽሐፍ የጀርባ ቃል እንዲጽፉ ቢያዛቸው፥ አንዱ «ዓለምን ያስደነቀ፥ ተወዳዳሪ የሌለው ታሪክ» ይል ይሆናል። ይህ ቃል በማናቸውም መጽሐፍ ላይ ቢለጠፍ ያው ነው። ሌላው ግን እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፤ «በ1954 ዓ.ም. አንድ ጠበቃ ከደቡብ አፍሪካ በምስጢር ወጥተው ወደ ኮልፌ መጡ። ስድስት ወር ሊፈጅ የታሰበውን የወታደር ትምህርት ሁለት ወር ያህል እንደ ተማሩ፥ ተመለሱ የሚል ጥሪ ደረሳቸው።» ከዚያ በኋላ የመጣውን የ27 ዓመት እስራት አይናገርም፤ ያን ለመጽሐፉ ይተዋል። የቅኔ ተማሪ ሰሙን አሳይቶ ወርቁን ለሚፈልግ ሰው እንደሚያቆይ፥ የጀርባ ቃልም እንዲሁ ነው። ሰውየውን፥ ስፍራውንና የገባበትን ጭንቅ ያሳያል፤ ፍጻሜውን ይሸሽጋል።

ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል የሚለውን ተረት ይዞ ሽፋኑን ማሳመር ተገቢ ነው። ነገር ግን ሲያዩት አምሮ ሲያነቡት ያቀረ መጽሐፍ የበለጠ ጉዳት አለው። ከቀለቡ ቀንሶ መጽሐፍ የገዛ መምህር ወይም ተማሪ በጀርባ ቃል አንድ ጊዜ ከተታለለ፥ ያን ደራሲ ብቻ አይተወውም፤ ስሙ ገና ያልታወቀውን ወጣት ሁሉ ይጠራጠራል። የአንዱ ጉራ የብዙዎችን በር ይዘጋል።

ስለዚህ መምህራን ለወጣቶች ይህን ሲያስተምሩ፥ የንግድ ብልሃት ሳይሆን ራስን የመመዘን ትምህርት መሆኑን ያስረዷቸው። አምስት መስመር መጻፍ ያቃተው ደራሲ፥ መጽሐፉ ስለ ምን እንደ ሆነ ገና አልለየ ይሆናልና ወደ ረቂቁ ይመለስ። አባቶቻችን ማኅደሩን በመጽሐፉ ልክ ይሰፉት ነበር፤ ቢጠብ አይገባም፥ ቢሰፋ ይንገላታል። የዛሬውም የጀርባ ቃል በመጽሐፉ ልክ ይሰፋ።