የት ትሂድ?

ስለ ጎጃም የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍትን ባነበብሁ ቁጥር አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመኛል። በደጋው አገር፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጋ ዳሞት፣ ሴት ልጅ በወጉ መብት አልባ አልነበረችም። በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር አለን ሆበን እንደመዘገበው፣ ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ ሴትም ወራሽ ናት። የሰማንያ ጋብቻም ይፈርሳል፤ የማይፈታው የቁርባኑ ነው። ታዲያ ባሏ የሚደበድባት ሴት ስለምን ትታው አልሄደችም?

መልሱን ያገኘሁት ከሞፈርና ከቀንበር ነው። ርስቷ ያለው በተወለደችበት ቀዬ፣ በወንድሞቿ እጅ ነው። ማረስ የወንድ ሥራ በሆነበት አገር በሬና አራሽ የሌላት ሴት መሬት ቢኖራትም እህል የላትም። አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ብትገባ ሽማግሌ ይከተላታል። ሽማግሌው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ማስታረቅ ነውና ካሳ አስከፍሎ፣ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ብሎ ይመልሳታል። ቻይነቷ ሲመሰገን ገመናዋ ይሸፈናል፤ ዱላውም አብሮ ይሸፈናል።

ርስት በ1967 ዓ.ም. ከተሻረ በኋላም መሬት በአብዛኛው በአባወራው ስም ሲመዘገብ ኖረ። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል የታደለው የመሬት ደብተር ግን የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን በስሙ ጠርቶ የከለከለው የወንጀል ሕግም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ለእኔ ከሁለቱ የሚበልጥብኝ ደብተሩ ነው፤ ሕጉ ባልን «አትምታ» ሲል፣ ደብተሩ ለሚስት መቆሚያ ሰጥቷታልና።

ልማድ ግን ከወረቀት ይዘገያል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን የሚመታበት ተገቢ ምክንያት አለ ያሉ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 85፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 63 ነበሩ። በደልን ቅጣት ነው እየተባለች ያደገች ሴት እንዴት ተነሥታ ትውጣ?

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለች እህት ብትገጥምህ «ለምን አትሄጂም?» አትበላት፤ ይህ ጥያቄ መስሎ የሚመጣ ፍርድ ነው። ይልቅ «ብትወጪ የት ታርፊያለሽ? ልጆቹን ማን ይይዝልሻል? ደብተርሽስ የት ነው?» በላት። ምስጢሯን ጠብቅ። የመውጫዋን ቀን ራሷ ትቁረጥ፤ ዱላ የለመደ ሰው ሚስቱ ልትለየው ስትነሣ ይብስበታልና። ተመልሳ ብትገባም አትቆጣት፤ ዳግም ስትመጣ የምታንኳኳው ደጅ ያስፈልጋታል።