የአንስቴዥያ ባለሙያዎች የሕይወት ጥራት

የአንስቴዥያ ባለሙያዎች የሕይወት ጥራት ማለት በቀዶ ሕክምና ጊዜ ማደንዘዣ (ሰመመን) የሚሰጡ ባለሙያዎች ስለ ጤናቸው፣ ስለ ስሜታቸው፣ ስለ ማኅበራዊ ኑሯቸውና ስለ አካባቢያቸው ያላቸው ግምገማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሕይወት ጥራትን ለመለካት ያዘጋጀው አጭር መጠይቅ 26 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚለካውም በእነዚሁ 4 ዘርፎች ነው።

ባለሙያዎቹ

በኢትዮጵያ ማደንዘዣ የሚሰጡት ሁለት ዓይነት ባለሙያዎች ናቸው። አንስቴዥዮሎጂስት ሕክምና ተምሮ በዘርፉ ስፔሻሊስት የሆነ ሐኪም ነው። አንስቴቲስት ደግሞ በአንስቴዥያ የመጀመሪያ ወይም ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ባለሙያ ነው፤ እንደ ጎንደርና ጅማ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያሠለጥኑታል። የዓለም አንስቴዥዮሎጂስቶች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 ሐኪሞች እንዲኖሩ ይመክራል። ኢትዮጵያ ከዚህ በጣም ሩቅ ስለሆነችና ያሉት ሐኪሞችም በብዛት በትልልቅ ከተሞች ስለሚሠሩ፣ በወረዳ ሆስፒታሎች ሥራውን የሚሸከሙት በዋናነት አንስቴቲስቶች ናቸው።

ተረኝነትና ርቀት

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳውን በምዕራብ በኩል የአባይ ሸለቆ ከጎጃም ይለየዋል፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በአቀስታ በኩል የወሎን ደጋ ያቋርጣል፣ ርዝመቱም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ምጥ የጠናባት እናት በኦፕራሲዮን መውለድ ካለባት ወደ ደሴ መላክ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው ሌሊትም ሆነ በበዓል በቅርብ መገኘት አለበት።

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ሆስፒታል አንድ ባለሙያ ብቻ ካለው 168ቱም ሰዓት የእሱ ተረኝነት (ዱቲ) ይሆናል፤ ሁለት ሲሆኑ ለእያንዳንዳቸው 84፣ አራት ሲሆኑ 42 ሰዓት ይደርሳል። ብቸኛ ተረኛ የሆነ ሰው ስልኩን ማጥፋት አይችልም፤ ከከተማው ወጥቶ ለቅሶ መድረስ፣ ሠርግ መሄድ ወይም ቤተሰቡን መጠየቅም ይቸገራል። ትምህርቱን ለመቀጠልም የሚተካው ሰው ያስፈልገዋል።

በጤናና በሥራ ላይ ያለው ውጤት

እንቅልፍ ማጣት ትኩረትን ይቀንሳል። ማደንዘዣ የተሰጠው ታካሚ አተነፋፈስና የደም ግፊት በደቂቃዎች ውስጥ ሊለወጥ ስለሚችል፣ የባለሙያው ድካም የታካሚውም አደጋ ነው። ጋዙን ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ደግሞ ባለሙያው እንደ ሃሎቴን ያለ የማደንዘዣ ጋዝ ይተነፍሳል። ለረጅም ጊዜ የቆየ የሥራ ውጥረት በሥራ መዛልን (በርን አውት) ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. (2019 እ.ኤ.አ.) ይህን በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ሲል ገልጾታል። ዋና ምልክቶቹ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራ በስሜት መራቅና የውጤታማነት መቀነስ ናቸው።

መፍትሔዎች

ለአንድ ሆስፒታል ተረኝነቱን የሚከፋፈሉ በቂ ባለሙያዎች መመደብ፣ ከሌሊት ተረኝነት በኋላ ዕረፍት መስጠት፣ በሆስፒታሉ ግቢ ወይም በአቅራቢያው መኖሪያ ቤት ማዘጋጀትና ለትምህርት ለሚሄዱት ተተኪ መመደብ ከሚጠቀሱት መፍትሔዎች መካከል ናቸው። የታካሚውን የደም ኦክስጅን በጣት ላይ ሆኖ የሚለካው መሣሪያ (ፐልስ ኦክሲሜትር) ችግርን ቀድሞ ስለሚያሳውቅ ብቻውን የሚሠራ ባለሙያን ሥጋት ያቃልላል።