የባለጸጋ ክለብ ገንዘብና የተጫዋች ልብ፤ ከሸሕዲ የኳስ ክርክር በመነሣት

በሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ በገንዳ ውኃ፣ መስከረም ሁለት ነገሮች አብረው የሚደርሱበት ወር ነው። አንደኛው ሰሊጥ ነው፤ ሁለተኛው የተጫዋቾች ዝውውር ወሬ ነው። የአውሮፓ ክለቦች የግዥ ጊዜ በነሐሴ ማብቂያ ይዘጋል፤ የአገራችን ክለቦችም ተጫዋች የሚያስፈርሙት በአብዛኛው በክረምት ነው። ስለዚህ ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት ሻይ ቤቶችና ኳስ በሚታይባቸው አዳራሾች፣ ማን ማንን በስንት ወሰደ፣ ማንስ ክለቡን ጠልቶ ልምምድ ቀረ የሚለው ክርክር እስከ ሌሊት ይዘልቃል። የክርክሩ ፍሬ ነገር ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ባለጸጋው ክለብ በገንዘቡ ውድድሩን አበላሸ፤ ጥሩ ተጫዋች ባንድ ቤት ረግቶ እንዳይቀመጥ አደረገ፤ ቀድሞ ግን ሰው የሚጫወተው ለመለያው ፍቅር ነበር።

ይህ አቤቱታ እውነት ነውን? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በተለይ የመጨረሻውን ሐረግ፣ «ቀድሞ ግን» የሚለውን ነው። እንደሚመስለን ገንዘቡ ቀድሞም ነበረ፤ የተለወጠው ልብሱ ነው። የተጫዋቹም ልብ የሚነሣሣው ባለጸጋው ስለ ጠራው ብቻ ሳይሆን፣ ያለበት ቤት አጥብቆ ስላልያዘው ጭምር ነው።

አስቀድመን የቋንቋውን ነገር እንመልከት። ክለቡን ለመልቀቅ ስለ ፈለገ ተጫዋች ሲናገሩ ደጋፊዎች «ልቡ ሸፈተ» ይላሉ፤ ሲሄድ «ከዳ» ወይም «ኮበለለ» ይላሉ፤ የወሰደውን ክለብ ደግሞ «አስኮበለለ» ይሉታል። እነዚህ የገበያ ቃላት አይደሉም። የሚሸፈተው በመንግሥት ላይ ነው፤ የሚከዳው ጌታ ነው፤ የሚኮበለለውም ከአሳዳሪ ቤት ነው። አንድ ጸሓፊ በተሻለ ደመወዝ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ቢዛወር ከዳ የሚለው የለም፤ እንዲያውም ዘመዶቹ ደስ ይላቸዋል። ተጫዋቹ ግን በደጋፊው ዓይን ተቀጣሪ ሳይሆን የቤት ልጅ ነው። ያው ተጫዋች ወደ እኛ ክለብ ሲመጣ ግን ከዳተኛነቱ ይረሳና «አገኘነው» ይባላል።

የሸሕዲ ሰው ይህን ነገር ከሌላው ደጋፊ ይልቅ ቀርቦ የሚያይበት ምክንያት አለው። ሰሊጥ አንዴ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም፤ ዘሩን የያዘው ፍሬ ደርቆ ይከፈትና ምርቱ መሬት ላይ ይረግፋል። አጨዳው በጥቂት ቀናት ማለቅ አለበት። ለዚህም ሥራ ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሰው ሲጠፋ ዋጋው ይወጣል፤ ትናንት ለአንዱ እርሻ የተስማማ ዛሬ የተሻለ ወደሚከፍለው ይሄዳል። ባለ እርሻው በሠራተኛው ላይ ይቆጣል፤ ባባበለበት ጎረቤቱ ላይ ግን ይበልጥ ይቆጣል። ክርክሩን ስንሰማ እንዳስተዋልነው፣ በጉልበቱ የሚያድረው ብዙውን ጊዜ ለተጫዋቹ ያዝናል፤ ሠራተኛ የሚቀጥረው ደግሞ ለክለቡ ይቆማል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ለማለት አንደፍርም፤ የአርሴናል ፍቅር ሲመጣ ሁሉም ኪሱን ይረሳል።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ተመሠረተ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ ከእርሱ ጋር የተሰለፉት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው ሚሲዮኑ ነው። ከአምስቱ አራቱ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ስለዚህ የደሀና የሀብታም ክለብ ነገር ከውድድሩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። በ1940ዎቹ ደግሞ የጦር ሠራዊቱ ቡድን ደጋግሞ ሻምፒዮን ሆነ። ሠራዊት ለተጫዋች የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ማዕረግ፣ ቀለብና መኝታ ነው። ለድሀ ልጅ ግን ይህ ምን ያንሳል?

ከሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የሚገባው የድሬዳዋ ዘመን ነው። ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ስድስት ዓመት ሙሉ ከድሬዳዋ አልወጣም። አራቱን ጥጥ ፋብሪካ፣ ሁለቱን የሲሚንቶው ክለብ ኢትዮ ሲሚንት ወሰዱ። አንዲት የባቡር ከተማ የዋና ከተማውንና የአስመራን ክለቦች ስድስት ዓመት ያሸነፈችው በአየሯ አይደለም። ፋብሪካው ደመወዝ ነበረው። በዚያ ዘመን እግር ኳስ በሕግ የአማተር ጨዋታ ስለ ነበረ፣ የፋብሪካ ክለብ ተጫዋች በመዝገብ የሚታወቀው በሠራተኛነቱ ነው፤ የሚፈለገው ግን ለእሑዱ ነው። ይህ የዛሬው የፊርማ ገንዘብ ታላቅ ወንድም አይደለምን? ዛሬ የሁለቱም ፋብሪካዎች ስም በፕሪሚየር ሊጉ ሰንጠረዥ ላይ የለም። በፋብሪካ የቆመ ክለብ ዕድሜው የፋብሪካው ዕድሜ ነውና።

በተቃራኒው ወገን የሚጠራው መንግሥቱ ወርቁ ነው። በእነዚያ የድሬዳዋ ዓመታትም ሆነ በኋላ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አልለቀቀም፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብፅን፣ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ከተሰለፉት አንዱ ነበረ። ክለቡም ከ1958 እስከ 1960 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። «ቀድሞ ግን» የሚሉት ሁሉ በልባቸው የሚያስቡት መንግሥቱን ነው፤ ትክክልም ናቸው። ነገር ግን እርሱ በቀረበት ዘመን ሌላው ደመወዝ ወዳለበት ይሄድ ነበር፤ አንድ ታማኝ ሰው የአንድ ዘመን ምስክር ሊሆን አይችልም።

በዚያው ጊዜ እንግሊዝ አገር ምን ይደረግ እንደ ነበር መመልከት ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. ጆርጅ ኢስተም የተባለ ተጫዋች ለኒውካስል አልጫወትም አለ። ውሉ አልቆ ነበር፤ ክለቡ ግን በጊዜው ደንብ መሠረት ሊይዘው ይችል ነበር። ኢስተም ኳሱን ትቶ ሌላ ሥራ ያዘ፤ ከወራት በኋላ ኒውካስል ለቀቀውና ለአርሴናል ፈረመ። በጥር 1953 ዓ.ም. የእንግሊዝ ተጫዋች ከሳምንት 20 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ያግድ የነበረው ጣሪያ ተነሣ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ ቤቱ ያ የመያዣ ደንብ የሰውን የመሥራት መብት ያለ አግባብ የሚያጠብ ነው ብሎ ፈረደ። የአርሴናል ደጋፊዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ነው። አዴባዮርና ኮሎ ቱሬ በ2001፣ ክሊሺና ናስሪ በ2003 ዓ.ም. ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲሄዱ የአቡዳቢን ገንዘብ የረገሙት፣ ልቡ ሸፍቶ ወደ እነርሱ የመጣውን ኢስተምን አያነሡም።

በአገራችን ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ የባለጸጋነት ስም የተሰጠው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ የሼክ መሐመድ አል አሙዲ እጅ ከኋላው ነበረና። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች በ2003 ዓ.ም. ዋንጫ ሲወስዱ የደስታቸው መጠን የዚህን ያህል የሆነው ስለዚሁ ነው። ሼኩ በ2010 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያ ታስረው በ2011 ዓ.ም. ተፈቱ፤ ጊዮርጊስም ከ2009 በኋላ እስከ 2014 ዓ.ም. ዋንጫ አላገኘም። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አንልም፤ ያለ ምክንያት ተገጣጠመ ለማለትም ይከብዳል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑ ከክለቦች ጋር መክሮ የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳያልፍ ወሰነ። ደጋፊው ወዲያው የጠየቀው ቀሪው በየት በር ይገባል ብሎ ነው። ባለ እርሻዎችም የቀን ዋጋ ቢቆርጡ፣ ዘሩ መርገፍ ሲጀምር ስምምነቱን የሚያፈርስ አንድ አይጠፋም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የፋሲል ከነማ ነገር ነው። ጎንደር በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ስትወስድ ሸሕዲም ወስዳለች። በዚያው ክረምት አጥቂው ሙጂብ ቃሲም ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄደ። በዚያው ዓመት 29 ግብ አግብቶ የነበረው የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስርም በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ከአገር ውጭ ሲሄዱ ግን «ከዳ» የሚለው ቃል ይለዝባል፤ እንዲያውም ይመረቃሉ። ስለዚህ ደጋፊውን የሚያቆስለው መሄዱ አይደለም፤ ወደ ጎረቤት መሄዱ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እኛ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል። ንግድ ባንክ በ2015 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አድጎ በ2016 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ወሰደ። ሁለቱም የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው። ከቀሩትም ብዙዎቹ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ «የባለጸጋው ገንዘብ» የምንለው አንዱ ሀብታም ከኪሱ ያወጣው አይደለም። ለአንድ አጥቂ የሚከፈለው ያው ለውኃ ቧንቧና ለክሊኒክ የሚፈለገው ብር ነው፤ ቆላው ወባና ካላአዛር ያለበት አገር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። ከዚህም ጋር አንዳንድ ክለቦች ለወራት ደመወዝ ሳይከፍሉ ይቆያሉ። ደመወዙን ያልተቀበለ ተጫዋች ልምምድ ቢቀር ሽፍታ ነውን? የሰሊጥ አጫጁ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ብዙ አያስብም።

ከመተማ ዮሐንስ ማዶ፣ ከጋላባት በኩል፣ ደግሞ የኦምዱርማኖቹ ሒላልና መሪክ አሉ። በባለጸጋ መሪዎቻቸው ገንዘብ ከብዙ አገር ተጫዋች ይሰበስቡ ነበር። ግብፃዊው በረኛ ኢሳም ኤል ሐዳሪ በ2000 ዓ.ም. አል አሕሊን ያለ ፈቃድ ጥሎ ወደ ስዊዘርላንዱ ሲዮን ሄዶ ፊፋ አራት ወር አግዶት ነበር፤ እርሱም ከዓመታት በኋላ የመሪክን መለያ ለበሰ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ግን ሰው በመተማ በኩል ሸሽቶ ገባ፤ ሁለቱ ክለቦችም ሜዳ አጡ። በ2017 የውድድር ዘመን ሒላልና መሪክ በሞሪታንያ ሊግ በእንግድነት ተጫወቱ፤ ከኦምዱርማን እስከ ኑዋክሾት አፍሪካን ከሞላ ጎደል ማቋረጥ ነው።