ከሰባተኛ ፎቅ የታየው ቢጫ ጃኬት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና ያፈላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ታሪክም አለው፣ ይቅርታም አለው።

ባለፈው ወር ከምኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሆኜ ያነሳሁትን የኢስሊ ፎቶ ለጥፌ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። ሰባተኛ ፎቅ ነው። ውሃ በመጣ ቀን ልብሳችንን የምናሰጣው እዚያ ነው። ያን ቀን ልብሴን አስጥቼ ቁልቁል ሳይ መንገዱ ጢም ብሏል። ማታቱ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ቦዳቦዳው በሰው መሃል ይሹለከለካል፣ ሴቶቹ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ይሸጣሉ፣ ባለጋሪው ይጮኻል። ከላይ ሲታይ ሁሉም ነገር የሚያምር መሰለኝና በስልኬ አነሳሁት። “ኑሯችን ይህን ይመስላል” ብዬ ለጠፍኩ። ብዙዎቻችሁ ወደዳችሁት፣ ሼር አደረጋችሁት። እኔም ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ የማላውቀው ልጅ ደወለልኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“እህቴ፣ ፎቶሽ ያምራል። ግን በእናትሽ አውርጂልኝ” አለኝ።

“ምን ሆነህ ነው ወንድሜ?”

“ባለ ቢጫ ጃኬቱ እኔ ነኝ።”

ከፎቶው ጥግ፣ ከሱቅ በረንዳ አጠገብ፣ ፔርሙዝ ይዞ የቆመ ልጅ ነበር። ሻይና ቡና እያዞረ ይሸጣል። ጃኬቱን የላከለት ጂዳ ያለ የአጎቱ ልጅ ነው። የአጎቱ ልጅ ፎቶዬን በስልኩ አግኝቶ፣ አጉልቶ ሲያይ ጃኬቱን አወቀው። አገር ቤት ላሉት እናቱ ደወለ። እናቱ ደግሞ ልጃቸው ናይሮቢ በአንድ ትልቅ ሱቅ ሒሳብ እንደሚሠራ ነበር የሚያውቁት። እንዳይጨነቁ ብሎ እሱ ነው የነገራቸው። “ሁለት ዓመት የደበቅሁትን በአንድ ቀን አወጣሽው” አለኝ። ፎቶውን ያኔውኑ አወረድኩት፤ ግን አንዴ የተበተነ ነገር የት ይሰበሰባል?

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለዚህ ነገር ሳነብ ከረምኩ። ከተማን ከላይ ሆኖ ፎቶ ማንሳት ከየት ጀመረ? ማን ያነሳል? ማንስ ይነሳል? ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በሊስትሮ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? በ1838 ሉዊ ዳጌር የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ከፎቅ መስኮት ላይ ሆኖ ካሜራውን ቡልቫር ዱ ታምፕል ወደሚባለው ጎዳና አዞረ። ጎዳናው ሠረገላና እግረኛ የሚተራመስበት ነበር። ፎቶው ላይ ግን ባዶ ነው። የዚያ ዘመን ካሜራ አንድ ምስል ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሳይያዝ ያልፋል። ታች ጥግ ላይ ብቻ አንድ ሰው እግሩን ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ ጫማውን እያስጠረገ ነው። አጠገቡ ጎንበስ ያለው ሊስትሮም በደብዛዛው ይታያል። ፎቶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩ ሰዎች የሚባሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዛሬ ድረስ ስማቸው አይታወቅም። ፎቶ መነሳታቸውንም አላወቁም። ይህን ሳነብ ያ ባለ ቢጫ ጃኬት ልጅ ትዝ አለኝ። እሱም የተያዘው ደንበኛ ሊጠብቅ ስለቆመ ነው።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1858፣ ናዳር በሚል ስም የሚታወቀው ሌላ ፈረንሳዊ ከፎቅም በላይ ልውጣ አለ። በአየር ፊኛ ተንሳፍፎ ፓሪስ አጠገብ ያለችን መንደር አነሳ። ሥራው ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ መስታወቱ በኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ ፎቶው መነሳትና መታጠብ ስለነበረበት ጨለማ ክፍሉን ፊኛው ቅርጫት ውስጥ ይዞ መውጣት ግድ ሆነበት። ከፊኛው የሚያፈተልከው ጋዝ ደግሞ ኬሚካሉን እያበላሸ ደጋግሞ አሳፈረው። በመጨረሻ ቢሳካለትም ያ የመጀመሪያው ፎቶ ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል።

ከጠፉት ተርፎ ዛሬ ድረስ ያለው ቀደምት የከተማ የአየር ፎቶ የቦስተን ነው። ጄምስ ዋላስ ብላክ በጥቅምት 13 ቀን 1860 በገመድ ከታሰረ ፊኛ ላይ ሆኖ ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ አነሳው። በኋላ “ቦስተን፣ ንስርና የዱር ዝይ እንደሚያዩዋት” የሚል ስም ወጣለት። ቤቱ፣ መንገዱ፣ ወደቡ፣ መርከቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰው ግን ፈልጋችሁ አታገኙም።

የሰው ዕዳ ያለበት ከፍታ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ነው። በሚያዝያ 18 ቀን 1906 የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ከተማዋን አወደማት። ወደ 400,000 ከሚጠጋው ሕዝቧ ከግማሽ የሚበልጠው ቤት አልባ ሆነ፤ በየሜዳው ድንኳን ተከለ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጆርጅ ሎረንስ የተባለ ፎቶግራፈር ከባድ ካሜራ በገመድ በሚበሩ 17 ካይቶች ላይ አንጠልጥሎ ከ600 ሜትር ገደማ ከፍታ ፍርስራሹን በአንድ ሰፊ ፎቶ ያዘው። ፎቶው ዝነኛ ሆነ፣ ተሸጠ። ካምፕ የኖራችሁ ወገኖቼ ይህን ፎቶ ብታዩት መጀመሪያ የምትፈልጉት ፍርስራሹን አይደለም። ድንኳኑን ነው። ማን እንዳለበት ነው።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው በነሐሴ 1929 ነው። በ1934 ደግሞ ዋልተር ሚተልሆልዘር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ አብራሪና ፎቶግራፈር ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የመጣ አውሮፕላን እያበረረ አዲስ አበባ ገባ። ከተማችንን ከላይ አነሳት። ፎቶዎቹ ዛሬ ዙሪክ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ በኢንተርኔት ማንም ሊያያቸው ይችላል። ያደግንባት ከተማ ከመወለዳችን በፊት እንዲህ ሆና ከላይ ታይታለች።

ከዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1935፣ ጣሊያን ወረረን። ያኔ ከላይ የሚያየው ዓይን ሌላ ሆነ። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 አገሪቱን ለካርታና ለጦርነት ሲሉ ከአውሮፕላን አነሷት። በሺህ የሚቆጠሩት እነዚያ ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት ተቀምጠው ቆዩ። በቅርቡ ዘመን ተመራማሪዎች አገኟቸው። ዛሬ የት ደን እንደነበረ፣ የት እርሻ እንደነበረ፣ መሬቱ እንዴት እንደተለወጠ የሚጠናው በእነሱ ነው። የወራሪ ፎቶ ለተወረረው ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ፎቶ ያነሳው ሰው ያሰበለትን ብቻ ሲሠራ አይኖርም፤ ለክፉ የተነሳው ለደግ ሊውል፣ ለደግ የተነሳውም እንደኔው ቤት ሊያፈርስ ይችላል።

እኛ ስደተኞች ደግሞ ከማንም በላይ ከላይ እንታያለን። ካኩማ በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ ስንት ሰው አልፎበታል! እኔም አራት ዓመት ኖሬበታለሁ። አንድ ቀን ለጉዳይ በገባሁበት ቢሮ ግድግዳ ላይ ከሳተላይት የተነሳ የካምፑ ፎቶ ተሰቅሎ አየሁ። ቀይ አፈር፣ ደረቅ ወንዝ፣ እንደ ጨው የተበተነ ቆርቆሮ። ወረፋዬን ትቼ ቤቴን መፈለግ ጀመርኩ። በመስጊዱ ለይቼ፣ በውሃ ቦኖው ለይቼ፣ በመጨረሻ አንዲት ነጭ ነጥብ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ልጄን የወለድኩት እዚያች ነጥብ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ያበቀልኩት የኒም ዛፍ ግን አይታይም።

እንዲህ ዓይነት ፎቶ አይጠቅምም አልልም። ባለሙያዎች መጠለያውን ከሳተላይት ይቆጥራሉ፤ በቆጠራው መሠረት ውሃና እህል ይታሰባል፤ ጎርፍ የት እንደሚመጣ ይታወቃል። ባይቆጥሩን የምንራበው እኛ ነን። ካሜራ ሰው እንደሚያድንም እናውቃለን። በ1984 ኮረም ላይ ረሃቡን ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ሞሐመድ አሚን የተወለደው እዚሁ ኢስሊ ነው። በ1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ እስኪሞት ድረስ ካሜራውን አላስቀመጠም። እሱ ግን ኮረም ላይ ከሰዎቹ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። እኔ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፣ ማንም “አታንሺኝ” ሊለኝ አልቻለም።

ለካ ያን ቀን ያማረኝ ይኼ ነበር። ከላይ ሲሆኑ ሽታው የለም፣ ስድቡ የለም፣ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስታይ፣ ስቆጠርና ስፈተሽ ኖሬ፣ ለአንድ ቀን የማየው እኔ ሆንኩ። ይህን ደስታ አልክደውም። የሚያሳፍረኝ፣ ሌሎች ሲያደርጉብን የምቃወመውን ነገር በገዛ ወገኔ ላይ ማድረጌ ነው።

በማግስቱ ወርጄ ልጁን ፈለግኩት። እዚያው በረንዳ አጠገብ አገኘሁት፤ ጃኬቱን ግን አልለበሰም። ቡና ቀዳልኝ። ሒሳብ አልቀበልም ብሎኝ በግድ ነው የከፈልኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ቆየና “እናቴ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‘ሥራ አያሳፍርም፤ የዋሸኸኝ ነው ያመመኝ። ደግሞ ከላይ ጭንቅላትህን ነው ያየሁት፤ ፊትህን አሳየኝ’ አለችኝ” አለ። ላክላት አልኩት። “እስቲ” አለ። እስከ ዛሬ አልላከም። አላጣደፍኩትም። ይህን ታሪክ ግን አንብቤለት፣ ጻፊው ብሎኝ ነው የጻፍኩት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ስልክ ያለን ሁሉ ዛሬ ፎቶግራፈር ነን። ከፎቅም እናነሳለን፣ ድልድይ ላይ ቆመንም እናነሳለን። እኔ ከራሴ ጥፋት የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ፎቶውን እስከ መጨረሻው አጉሉት። እናንተ ያላያችሁትን ሰው የሚያውቀው ያየዋል። ፊት ባይታይም ጃኬት፣ አረማመድ፣ የእቃ ማዞሪያ ሰውን ያሳውቃል።

ሁለተኛ፣ መሃላችን የሚሸሸግ አለ። አንዱ እናቱን ላለማስጨነቅ፣ አንዷ ከደበደባት ባሏ፣ ሌላው ካመለጠው ሰው። የሚሸጥበትን ጥግና የሚቆምበትን ሰዓት አብራችሁ አትለጥፉ።

ሦስተኛ፣ አውርዱልኝ የሚላችሁ ሰው ካለ ምክንያት አትጠይቁ። መጀመሪያ አውርዱ።

አራተኛ፣ ይህ ለአገር ቤት ዘመዶቻችን ነው። ልጃችሁን መንገድ ላይ ሲሸጥ ብታዩት ለጎረቤት ከማውራታችሁ በፊት ለእሱ ደውሉ። “በልተሃል ወይ?” በሉት። እንድንዋሽ የሚያደርገን ሐፍረቱ ነው፤ ሐፍረቱን ደግሞ እናንተ ልታቀሉልን ትችላላችሁ።

ጣሪያው ላይ ዛሬም ልብስ አሰጣለሁ። ቁልቁልም አያለሁ። ቢጫው ጃኬት ትናንት ተመልሶ መጥቷል። እጄን አወዛወዝኩለት፤ የሰማይ ያህል ራቅ ብልም ቀና ብሎ አየኝ፣ ፔርሙዙን ከፍ አደረገልኝ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ተውኩት።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። ሼር የምታደርጉ ጽሑፉን ሼር አድርጉ፤ የድሮው ፎቶ እጃችሁ ላይ ካለ ግን አጥፉልኝ።

ቸር ይግጠመን።